የአባዶው የማታ እንግሊዝኛ ክፍል፦ በአንድ ምሽት አንድ ጥንድ ግስ

ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡ ስለምትኖሩ ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። የካ አባዶ፣ ጣፎ ወይም አያት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ፣ እንግሊዝኛ አንብባችሁ የምትረዱ ግን ስትጽፉና ስታወሩ ግሱ ላይ የምትደናቀፉ ከሆነ፣ ይህ ክፍል ገንዘባችሁን አይበላም። ከፊደል ለሚጀምር ሰው አይሆንም። «በ3 ወር እንደ ፈረንጅ» ለሚፈልግም አይሆንም። የእሱ ማስታወቂያ በየመብራት እንጨቱ ላይ ተለጥፏል፣ እዚያ ይደውል።

ስሙን አልጽፍም፤ ከምስጋናው ጋር ቅሬታም አለኝ። ለሰፈሩ ሰው ምልክቱ ይበቃል። ታች ባንክና የብረት በር መበየጃ ያለበት ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከምሽቱ 12፡30 እስከ 2፡00። መመዝገቢያው 300 ብር፣ ወርሃዊው 1,500 ብር ነው። በቴሌብር ይቀበላሉ።

እኔ ለምን ገባሁ? የምሠራው ትራንዚት ቢሮ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሰነድ የምናስጨርስበት። ቀኑን ሙሉ ኢሜይል ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) አልደረሰም፣ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ያለው ኪሎ ከኢንቮይሱ ጋር አይገጥምም፣ ኦሪጅናሉን ላኩልን። ሰነድ በዘገየ ቁጥር ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ ይቆማል፣ ክፍያውም ይቆጥራል። ስለዚህ ሥራዬ ሰውን በጨዋ ቋንቋ መጨቅጨቅ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከእኔ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረ ልጅ ለአንድ የጓንዡ አቅራቢ የጻፈው ኢሜይል አሁንም ፋይል ውስጥ አለ። «ዊ ሪሜምበር ዩ አባውት ዘ ኦሪጅናል ዶክመንትስ» ይላል። «ስለ ኦሪጅናል ሰነዶቹ ልናስታውስዎ እንወዳለን» ማለቱ ነበር። ቻይናዊው የመለሰው ደግሞ ደስ ይላል። እኛም እናስታውሳችኋለን፣ ከእናንተ ጋር መሥራት ደስ ይላል። ሰነድ የለም፣ ሰላምታ ብቻ።

እንግዲህ ክፍሉ ውስጥ «ሪሜምበር» እና «ሪማይንድ» የተማርንበት ምሽት ለእኔ ብቻውን የወሩን ክፍያ መልሷል። አሠራሩን በዚያው ምሽት ላሳያችሁ።

ቲቸር (ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው) በአንድ ምሽት የሚያስተምረው አንድ ጥንድ ግስ ብቻ ነው። ሰሌዳውን መሃል ለመሃል በመስመር ይከፍላል። ግራና ቀኝ ሁለቱን የእንግሊዝኛ ግሶች ይጽፋል። ከላይ ደግሞ እኛ ሁለቱንም የምንጠራበትን አንዱን የአማርኛ ቃል። በዚያ ምሽት ከላይ የተጻፈው «አስታወሰ» ነበር።

ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «ቀጠሮውን አስታወስኩት» ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ቀጠሮው ትዝ አለኝ» ማለት ነው አለ። ግማሹ ደግሞ «ሰውየው እንዳይረሳ ነገርኩት» ማለት ነው አለ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ቀጠሮውንም ልትጠቁም ትችላለች፣ ሰውየውንም። ሁለቱም ልክ ነው። አማርኛ በዚህ አይጨነቅም፣ ከወሬው ሂደት ይገባናል። መዝገበ ቃላት ገልጦ ለሚያጠና ሰው ግን ጣጣ ነው፤ በሁለቱም ግስ ፊት ለፊት ያው «አስታወሰ» ይጠብቀዋል።

መለያው ጥያቄ አጭር ነው። «የሚያስበው ጭንቅላት የማን ነው?» የባለቤቱ ራሱ ከሆነ ሪሜምበር ነው። ባለቤቱ የሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነገሩን ከቀሰቀሰ ሪማይንድ ነው። ስለዚህ «አይ ሪሜምበር» ብላችሁ ነጥብ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ሙሉ ነው። «አይ ሪማይንድ» ብላችሁ ብታቆሙ ግን ሰሚው «ማንን?» ብሎ ይጠብቃል። ወዲያው ከግሱ ቀጥሎ ሰው መምጣት አለበት፤ ሂም፣ ሄር፣ ዘ ሰፕላየር።

እዚህ ላይ ሞባይል የሚጠግን አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ማሽን ጭንቅላት አለው እንዴ? ፓስወርድ የምናስገባበት ገጽ ላይ ‹ሪሜምበር ሚ› ይላል እኮ።»

ቲቸር ይህን ሲሰማ ደስታው ሊደበቅለት አልቻለም። ወዲያው ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳጥን ሣለ። አንዱ ውስጥ «ሪሜምበር ሚ»፣ ሌላው ውስጥ ስልክ አፕዴት አድርገኝ ብሎ ሲያስቸግር የሚያወጣውን «ሪማይንድ ሚ ሌተር»። ሁላችንም በየቀኑ የምንነካቸው ናቸው። ሁለቱም «ሚ» አላቸው። ግን የ«ሚ» ሥራ ተገልብጧል። የመጀመሪያውን ስትነኩ ገጹን «ሌላ ጊዜ ስመለስ ማን እንደሆንኩ እወቀኝ» እያላችሁት ነው። የሚያስታውሰው እሱ፣ የምትታወሱት እናንተ። ሁለተኛውን ስትነኩ ስልኩን «ቆይተህ ንገረኝ» እያላችሁት ነው። የሚናገረው እሱ፣ የሚያስታውሰው ጭንቅላት የእናንተ። ልጁ «እኔ ሁልጊዜ የምነካው ሁለተኛውን ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አፕዴት አድርጎ የማያውቅ የሞባይል ጠጋኝ!

የበለጠ ያሳቀን ግን ከኋላ መጣ። ሆቴል ውስጥ ሃውስ ኪፒንግ የምትሠራ ሴት አለች፣ ብዙ አትናገርም። አንድ ሽማግሌ እንግዳ «ዩ ሪማይንድ ሚ ኦፍ ማይ ሲስተር» አላት። እሷ «እህቴን አስታውሺኝ» ያላት መስሏት፣ እህቱ ጋ መደወል የረሳ ሰው ነው ብላ፣ በማግስቱ በጠዋት በሩን አንኳኩታ «ሰር፣ ዩር ሲስተር» አለችው። ሰውየው ደንግጦ «ምን ሆነች?» ብሎ ብድግ አለ።

ቲቸር ይህችን «ኦፍ» ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ትክክልም ነበር፣ እኛን የምትጥለን እሷ ናትና። በአማርኛ «እህቴን ታስታውሺኛለሽ» ስንል እህቲቱም እኔም ያለ ምንም መስተዋድድ እዚያው ግሱ ላይ ተንጠልጥለናል። «እህቴን» አለ፣ «-ኝ» አለ፣ አለቀ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ስንናገር «ዩ ሪማይንድ ሚ ማይ ሲስተር» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን እህቲቱን በ«ኦፍ» አስሮ ነው የሚያመጣት። «ኦፍ» ካለ አደራ የለም፣ መመሳሰል ነው፤ መልክሽ፣ ድምፅሽ፣ ሽታው፣ ዘፈኑ ያንን ሰው ወደ ልቤ አመጣው ማለት ነው። ሥራ የሚሰጠው «ቱ» ነው። «ሪማይንድ ሚ ቱ ኮል ማይ ሲስተር» ቢላት ኖሮ በር ማንኳኳቷ ልክ ነበር። «አባውት» ደግሞ ጉዳዩን ብቻ ያነሳል፤ ስለ ስብሰባው፣ ስለ ሰነዱ። ለእኔ ቢሮ የምትስማማው እሷ ናት።

ከፊት ወንበር የሚቀመጡ ጡረተኛ ጋሼ አሉ። አሜሪካ ያሉ ልጆቻቸው ጋ ሊሄዱ ነው የሚማሩት። ቲቸርን «መምህር» ነው የሚሉት፣ እሱም «እርስዎ» ይላቸዋል። ጋሼ ጥያቄ የሚያነሱት ሁልጊዜ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። «መምህር፣ ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ ‹በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ› ብሏል። ‹አስታውሰኝ› አላለም። እንግሊዝኛው የትኛው ነው?» ሪሜምበር ሚ ነው። ምክንያቱም ወንበዴው የሚጠይቀው በጌታ ልብ ውስጥ መቆየትን ነው እንጂ አንድ ነገር እንዲነገረው አይደለም። ጋሼ ጻፉት። ቲቸር በዚያው «ሪሜምበር ሚ ቱ ዩር ፋዘር» የምትለዋን ጨመረላቸው። ቆየት ያለች የአክብሮት አነጋገር ናት፤ «ለአባትህ ሰላም በልልኝ» ማለት ናት። ጋሼ ከዚያ ምሽት በኋላ ክፍል ሲያልቅ ሁላችንንም በእሷ ነው የሚያሰናብቱን። አባት ለሌለውም።

ሪሜምበር ራሱ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። «ሪሜምበር ቱ ሎክ ዘ ዶር» ገና ላልተቆለፈ በር ነው። «አይ ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» ደግሞ ተቆልፎ ላለቀ። የመጀመሪያውን እኛ «መቆለፍ አስታውሺ» አንልም፤ «መቆለፉን እንዳትረሺ» ነው የምንለው። ሁለተኛውን «መቆለፌ ትዝ ይለኛል» እንላለን። ስለዚህ የቲቸር ምክር ይህ ነው፤ አማርኛው «እንዳትረሳ» ብሎ ከመጣላችሁ ከሪሜምበር በኋላ «ቱ» አድርጉ፣ «ትዝ ይለኛል» ብሎ ከመጣላችሁ «ኢንግ» አድርጉ። ከአማርኛው ተነስቶ ማስተማር ማለት ይህ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች አማርኛ ይበዛል ብለው ያማርራሉ። እኔ አልስማማም። ሁለተኛ ደረጃን በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው፣ ይህን ነገር ግን ማንም ቆም ብሎ አላሳየንም።

በሚታደለው ወረቀት ጀርባ ሁልጊዜ ስለ ቃሉ ዘር ትንሽ ነገር አለ። ሪሜምበር በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የገባ ነው። ሪማይንድ ግን እዚያው እንግሊዝኛ ውስጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከ«ማይንድ» ላይ የተሠራ ነው፤ «ማይንድ» ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጉሙ ራሱ ትውስታ ነበር። ለፈተና የሚሆን አይደለም። እኔን ግን ረድቶኛል። ሪማይንድ ስል የሰውየውን «ማይንድ» ሄጄ የነካሁት ይመስለኛል፣ ስለዚህ ሰውየውን ከዓረፍተ ነገሩ አልረሳውም።

ክፍል ሲያልቅ የቢሮዬን ነገር ለብቻው ጠየቅኩት። የመለሰልኝ የትኛውም ወረቀት ላይ የለም። «ሜይ አይ ሪማይንድ ዩ» ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ድምፁ ግን ቆጣ ያለ ነው፤ አለቃ ወይም ጠበቃ የሚጽፈው ዓይነት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጽፊ ግሱን ተዪና ስሙን ተጠቀሚ፣ «ዚስ ኢዝ ጀስት አ ሪማይንደር» በዪ አለኝ። ሰውየው ላይ ጣት አይቀስርም። ልክ እኛ ደብዳቤ ላይ «ለማስታወስ ያህል» ብለን እንደምንጀምረው። ግሱን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ኢሜይል አቆዪው። አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። ጓንዡ ሰነድ እየላከ ነው።

ሌሎቹ ጥንዶች ሁሉ እንደዚህ ሀብታም አይደሉም። «ሂር» እና «ሊስን» በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ ሰማና አዳመጠ ስላለን። «ዊን» እና «ቢት» ያልታሰበ ጫጫታ ፈጠረ። እኛ ጨዋታንም ቡድንንም «አሸነፈ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ዊን የምታደርጉት ጨዋታውን ወይም ዋንጫውን ነው፤ ተጋጣሚውን ቢት ነው የምታደርጉት። ቲቸር ምሳሌውን በአርሰናልና በቼልሲ ስለሰጠ ትምህርቱ ቀርቶ ክርክር ሆነ። «ስቲል» እና «ሮብ» ለታክሲ ተሳፋሪ ሁሉ አስፈላጊ ነው። «ስልኬን ተሰረቅኩ» የሚለውን ቃል በቃል ወስዶ «አይ ዋዝ ስቶለን» የሚል ሰው ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ፣ የተሰረቀው እሱ ራሱ ነው። ስቲል የሚደረገው ዕቃው፣ ሮብ የሚደረገው ሰውየው ነው። «ቦሮው» እና «ሌንድ» ላይ ግን አማርኛ ይበልጣቸዋል ባይ ነኝ። እኛ በአንዲት «ተ» እና «አ» እንለያቸዋለን፣ ተዋሰና አዋሰ። በዚያ ላይ ብር ተበደርን፣ መጥረቢያ ተዋስን ብለን፣ ያንኑ ዕቃ የምንመልሰውንና ምትኩን የምንመልሰውን ለይተናል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ቦሮው ብሎ አልፏል።

አሁን ወደ ቅሬታው።

የማዳመጥ ትምህርት ደካማ ነው። ቲቸር አንዲት ትንሽ ስፒከር ይዞ ይመጣል፣ ታች ደግሞ የብረት መቁረጫው ይጮኻል። እንግሊዛዊቷ «ኩድ ዩ ሪማይንድ ሚ» ስትል እኛ የሰማነው «ኩድ ዩ» እና ግርርር ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በስልክ ባትሪ እንማራለን። ያኛውን ለቤቱ አልቆጥርበትም፣ የሰፈር ጉዳይ ነው። ጄኔሬተር ግን ባንኩ አለው፣ ለምን እንደማይነጋገሩ አላውቅም።

አነጋገር ማረም የለም ማለት ይቻላል። «ሪሜምበር» ውስጥ ያለችውን መሃለኛ ድምፅ ሁላችንም በየራሳችን መንገድ እናወጣታለን፣ ማንም አይነካንም። ለስፒኪንግ ብቻ የሚመጣ ሰው ይከፋዋል።

የትምህርት ቤቱ ቢሮ ከክፍሉ ጋር አይመጣጠንም። ሲመዘግቡን ከ15 ሰው አይበልጥም ብለው ነበር። አሁን ዘግይቶ የመጣ ሰው መስኮት ላይ ይቀመጣል። ቲቸር ሲታመም ተተኪ ይልካሉ፤ ተተኪው ከስልኩ ላይ የሰዋስው ሕግ ያነባል፣ እኛ እንጽፋለን። ማካካሻ ክፍል ይሰጣል ተብሎ የተነገረን አልተሰጠም። ስጠይቅ ቢሮው ውስጥ ያለችው ልጅ «እናስታውሳለን» አለችኝ። የትኛውን ግስ ማለቷ እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት። የሚታደለው ወረቀት ደግሞ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው፤ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ደብዝዘዋል። ቲቸርን ብትጠይቁት ፋይሉን በቴሌግራም ይልክላችኋል።

በስልክ አፕ ከማጥናት ይሻላል ወይ ለምትሉ፣ ለቃላት ብዛት አፑ ይሻላል፣ ርካሽም ነው። አፑ ግን «ቀጠሮውን አስታወስኩት» ሁለት ትርጉም እንዳለው አያውቅም። የሚሳሳተው ሰው አማርኛ ተናጋሪ እንደሆነ የሚያውቅ አስተማሪ ነው 1,500 ብሩን የሚያወጣው። የግል አስጠኚ ቤት ድረስ የሚያስመጣ አቅም ያለው ሰው እሱን ያድርግ፣ አልከራከርም። ግን ያኔ የሃውስ ኪፒንጓንና የጋሼን ጥያቄ አያገኝም። ለእኔ ግማሹ ትምህርት ከተማሪው ነው የመጣው።

ልትመዘገቡ ካሰባችሁ፣ ምሽቱን የያዘው ይሄው ቲቸር መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የቅዳሜው ክፍል ሌላ ሰው ነው። ክፍያውን በቴሌብር ብታደርጉም ደረሰኝ ተቀበሉ። ምዝገባ ላይ ሳይነግሯችሁ የሚቀሩት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አንድ ምሽት በነፃ ገብቶ ማየት ይቻላል። ረቡዕ ሂዱ። ረቡዕ ብየዳ ቤቱ ቶሎ ይዘጋል።